ስለ ፍሬን መበጠስና ስለ ባለ አደራዎች

በመንገድ ላይ አደጋ ደርሶ የሰው ሕይወት በጠፋ ቍጥር በየለቅሶ ቤቱ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ነው። ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። ነገሩ እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ሆኖ ይቈጠራል፤ ቀጥሎም «ቀናቸው ደርሶ ነው፤ እግዚአብሔር ያለው አይቀርም» ይባልና ነገሩ በዚሁ ይዘጋል። እኛም በለቅሶ ቤት ተቀምጠን ይህንኑ ስንል ኖረናል። መሸንቲ ላይ ያየነው ነገር ግን ይህን አነጋገራችንን እንድንመረምር ስላስገደደን፥ በቅድሚያ ያየነውን እንተርካለን።

በ2010 ዓ.ም. የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን የፍልሰተ ዐፅም በዓል፥ ግንቦት 12 ቀን፥ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ተገኝተን ለማክበር አስበን ከባሕር ዳር ከአንድ የጽዋ ማኅበር አባላት ጋር ተነሣን። ጕዞውን ካዘጋጁት መካከል እኛም ነበርንበት። መኪናውን ያከራዩን ሰው እግዚአብሔርን የሚፈሩ ናቸው፤ ተሳላሚዎች መሆናችንን ብንነግራቸው ከዋጋው ቀንሰው፥ ለመባ የሚሆን ዕጣንና ጧፍም ጨምረው ሰጡን። ከእርሳቸው ጋር ስለ ዋጋው ተነጋገርን፤ ስለ መነሻው ሰዓት ተነጋገርን፤ መኪናው ስለሚይዘው ሰው ብዛትም እስከ መከራከር ደረስን። ስለ ፍሬኑ ግን ከመካከላችን አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም።

ግንቦት 10 ቀን ሊነጋ ሲል ጸሎት አድርሰን ተነሣን። መሸንቲ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ለሚሄድ መንገደኛ ገና ስንቁን ሳይፈታ የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ናት፤ እኛም እዚያ የደረስነው መዝሙሩ ገና ሞቅ እያለ ሳለ ነው። ከብቶች መንገዱን ያቋርጡ ነበርና ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። በኋላ እንደ ነገረን፥ ፔዳሉ እግሩን ሳይቃወመው እስከ ወለሉ ወረደ። ደጋግሞ ረገጠው፤ ማርሽ ቀነሰ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ከብቶቹን ሊነካ ጥቂት ሲቀረውም መኪናውን ከመንገዱ ጠርዝ አቆመው። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አኖረ። ቦታው ሜዳ ስለ ነበረ ማንም ሰው አልተጎዳም። ከተሳላሚዎቹም አብዛኞቹ የሆነውን አላወቁም፤ ከኋላ የተቀመጡት መዝሙራቸውን አላቋረጡም ነበር።

ጥቂት ከቆየ በኋላ ፔዳሉን ቢሞክሩት ጠንክሮ ተመለሰ። «ዳነ!» አለ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው፤ ሁሉም ደስ አለው። ሹፌሩ ግን ቍልፉን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ማጕረምረም ተነሣ። በዕድሜ የገፉ አንዲት መነኵሲት፥ «ልጄ፥ የጻድቁ ጸሎት ያሻግረናል፤ በዓሉ እንዳያመልጠን ንዳው» አሉት። እርሱም ባርኔጣውን አውልቆ፥ «እማሆይ፥ ዓባይ በረሃ መካከል ሆኜ ጻድቁን ከምጣራ፥ እዚህ መሸንቲ ላይ መካኒክ ብጠራ ይሻለኛል» አላቸው። እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ በልባችን ከእማሆይ ጋር ነበርን። ልጁ እምነት የጎደለው መስሎን ነበርና።

ከባሕር ዳር በሞተር ብስክሌት የመጣው መካኒክ የኋላውን ጎማ ሲፈታ፥ ጎሚኒ የሚሉት የውስጥ ላስቲክ ተበልቶ፥ የፍሬኑ ዘይት በሸራው ላይ ሲፈስ ሰንብቶ ተገኘ። የተረፈውም ዘይት እንደ ቡና አተላ ጠቍሯል። በዚያን ጊዜ ሹፌሩ በሁላችን ፊት ተናዘዘ፤ ዘይቱ መጕደሉን ካወቀ ሁለት ሳምንት እንደ ሆነው፥ በየማለዳው ጥቂት ጥቂት ሲጨምር እንደ ከረመ፥ ለባለቤቱም ነግሮ «ከበዓሉ በኋላ ይሠራል» የሚል መልስ እንዳገኘ ነገረን። «እኔም ዝም ብዬ ተነሣሁ» አለ። እንግዲህ በዚያ ቀን የዓባይን ቍልቍለት ስንወርድ ብንሞት ኖሮ፥ በለቅሶ ቤታችን የሚባለው «ድንገት ፍሬን በጠሰ» ነበር። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ሲናገር የነበረ ነገር እንዴት ድንገተኛ ይባላል?

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለማያውቀው አንባቢያችን ጥቂት ማስረዳት ይገባናል፤ እኛም ከዚያ ቀን በኋላ ጠይቀን የተማርነው ነውና። ሹፌር ፔዳሉን ሲረግጥ በቱቦ ውስጥ ያለው ዘይት ተገፍቶ የፍሬኑን ሸራ ከሚዞረው ታምቡር ጋር ያጣብቀዋል፤ የመኪናውም ሩጫ በመፋተግ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሙቀት ቀላል አይደለም። 8 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቍልቍል ሲወርድ ሁሉንም በፍሬን ብቻ ቢይዘው፥ የሚፈጠረው ሙቀት 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሙሉ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። የዓባይ በረሃ ደግሞ ከደጀን እስከ ወንዙ፥ ከጎሐ ጽዮንም እስከ ወንዙ ቍልቍለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ያ ሁሉ እሳት በጥቂት ብረትና ሸራ ላይ ይከማቻል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ዘይቱም ይፈላል። ፈልቶም አረፋ ሲያወጣ፥ አረፋ ሲጫኑት የሚሸሽ ነገር ነውና የሹፌሩ እግር ባዶ ነገር ይረግጣል።

ከዚህም በላይ የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር የሚጠጣ ጠባይ አለው። በጠርሙሱ ላይ ዶት 3 ተብሎ የተጻፈው ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲታገሥ ይጠየቃል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ነው ዐዋቂዎች በየሁለት ዓመቱ ያህል ይለወጥ የሚሉት። ዘይት አልቆበት ውኃ ጠብ የሚያደርግ ሹፌር ቢኖር ምን እያደረገ እንደ ሆነ ይወቅ፤ በባሕር ዳር ከፍታ ውኃ 100 ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ ይፈላልና። ነዳጅ ለመቈጠብ ብሎ ቍልቍለቱን ያለ ማርሽ፥ ሾፌሮቹ በፎሌ እንደሚሉት፥ የሚለቅቀውም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ ይሸከምለት የነበረውን ሸክም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥለዋል።

በባሕር ማዶ መኝታና ማድ ቤት የተሠራለት ትልቅ መኪና ይዘው በዓመት አንድ ጊዜ ለዕረፍት የሚጓዙ ሰዎች አሉ። ይህ መኪና ብዙውን ወራት ቆሞ ይከርማል፤ ባለቤቱም «ብዙ አልተነዳምና ደኅና ነው» ብሎ ይተማመንበታል። ዳሩ ግን ዘይቱ ቆሞም ቢሆን እርጥበት ይጠጣል፤ ተንቀሳቃሹም ብረት ዝጎ ይጣበቅና ፍሬኑ ሳይረገጥ እየያዘ ይግላል። ከዚያም ቤቱን ሙሉ ጭኖ ተራራ ሲወርድ ፔዳሉ ይጠፋል። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ መኪናው እንደ ምንም ቆሞ ጥቂት ቀዝቀዝ ሲል አረፋው ወደ ዘይትነት ይመለሳል፥ ፔዳሉም እንደ ቀድሞው ይጠነክራል። መካኒክ ቢያየው በዚያን ጊዜ የሚያገኘው ጉድለት ላይኖር ይችላል። ባለቤቱም ያመሰግንና ይነዳል። በእኛ አገርም ቆመው የሚከርሙ፥ ለክብረ በዓል ብቻ የሚነሡ የገዳማትና የአድባራት መኪናዎች ስላሉ፥ ይህ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይታየን።

ስለ ተመለሰው ፔዳል ስናስብ የራሳችን ንስሐ ትዝ አለን። መከራ ሲደርስብን እንደነግጣለን፥ እንሳላለን፥ እናለቅሳለን፤ መከራው ቀዝቀዝ ሲል ልባችን እንደ ቀድሞው የጠነከረ ይመስለናል፤ ውስጡ ግን ያው አሮጌው ዘይት ነው። ይህን ብለን እንለፈው፤ የተነሣንበት ነገር ሌላ ነውና።

የተነሣንበት ነገር፥ ቸልታችንን የእግዚአብሔር ፈቃድ ብለን ስለ መሰየማችን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም በመርከብ ሲወሰድ የሆነውን በሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፍ እናነባለን። በቀርጤስ ደሴት መልካም ወደብ በተባለው ስፍራ ሳሉ የመርከብ ወራት አልፎ ነበርና፥ ሐዋርያው ጕዞው በጭነቱና በመርከቡ ብቻ ሳይሆን በነፍሳቸውም ላይ ጉዳት እንደሚያመጣ አስጠነቀቃቸው። የመቶ አለቃው ግን ከእርሱ ቃል ይልቅ የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት ሰማ። ከተሳፋሪዎቹም የሚበልጡት እንሂድ አሉ። ለስላሳ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስም ያሰቡት የተሳካላቸው መሰላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ብዙ ቀን ፀሐይና ኮከብ ሳይታያቸው በማዕበል ተንገላቱ፥ መርከቡም ተሰባበረ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ባለቤቱ አለ፤ ነጂው አለ፤ የሚቸኵለው ተሳፋሪ አለ፤ ለጊዜው ደኅና መስሎ የሚያታልለውም ለስላሳ ነፋስ አለ። እኛ መሸንቲ ላይ የተመለሰውን ፔዳል አይተን «ዳነ» ያልነው ያን ነፋስ ነው። ሙት ያስነሣ፥ ድውይ የፈወሰ ሐዋርያ በመርከቡ ውስጥ ሳለ እንኳ «እኔ አለሁና ንዱት» አላለም። በኋላም የእግዚአብሔር መልአክ በሌሊት ተገልጦ ከእነርሱ አንድ ሰው እንኳ እንደማይጠፋ ከነገረው በኋላ፥ መርከበኞቹ በጀልባ ሊያመልጡ ሲሉ፥ እነዚህ በመርከቡ ካልቀሩ ትድኑ ዘንድ አትችሉም ብሎ ወታደሮቹን አስጠነቀቀ። የተስፋ ቃል በእጁ ይዞ መርከበኛ አስፈለገው። 276 ነፍስም በደኅና ወደ ምድር ወጣች። እንግዲህ ከሐዋርያው የበለጠ እምነት አለኝ የሚል ካለ ያለ ፍሬን ይውረድ።

ዲያብሎስም ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር በፈተነው ጊዜ ባዶ እጁን አልመጣም፤ መላእክት ይጠብቁሃል የሚለውን የመዝሙር ቃል ጠቅሶ ነበር። ጌታችን ግን እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ ተናግሮ መለሰው። ዛሬ በመኪናው መስተዋት ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ሰቅሎ፥ ዘይቱ እየፈሰሰ እያወቀ፥ ሰው ጭኖ ቍልቍለቱን የሚጀምር ሹፌር በዚያ ጫፍ ላይ ቆሟል። ሥዕሉን አንነቅፍም፤ መስቀሉንም፥ በመኪናው ላይ የሚረጨውንም ጠበል አንነቅፍም፤ እኛም ረጭተናል። ነገር ግን ጠበል የምንረጭ ካህናት፥ «ፍሬኑን አስመርምረሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከክብራችን የሚቀንሰው ምንድን ነው? በንስሐ አባትነት ተቀምጠንም ስለ ጾምና ስለ ዝሙት እንጠይቃለን፤ ሰው ጭኖ የሚነዳውን ልጃችንን ስለ መኪናው ግን አንጠይቀውም። እርሱም ኀጢአት መሆኑን ስለማያውቀው አይናዘዘውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ይህን የምንጽፈው በአደጋ የሞቱትን ለመውቀስ አይደለም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች በተነሣ ጊዜ፥ ጌታችን እነዚያ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ነግሮናል። ልጁን በዓባይ በረሃ ወይም በሌላ ገደል ያጣ አባት ይህን አንብቦ ልቡ እንዳይቈስል እንለምነዋለን። የሞተው ተሳፋሪ የሚጠየቅበት ነገር የለም። የግንቡን ጠባቂ ግን ማን ነበር ብሎ መጠየቅ ሌላ ጕዳይ ነው፤ ይህንም የጠየቀው አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሕግ ነው።

በኦሪት ዘፀአት በ21ኛው ምዕራፍ ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈ ሕግ አለ። በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፥ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። በሬው አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ታውቆ፥ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል ግን ባለቤቱም ለሞት የሚያበቃ ፍርድ ይጠብቀዋል። ልዩነቱን ተመልከቱ፤ በሬው ያው በሬ ነው፥ ሞቱም ያው ሞት ነው፤ ባለቤቱን በደለኛ ያደረገው ተነግሮት መስማቱ ብቻ ነው። በዘዳግምም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሠራ ሰው፥ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ለጣሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዟል። የወደቀው በራሱ እግር ተንሸራቶ ቢሆንም ሕጉ የቤቱን ጌታ ይጠይቃል። የአገራችንም የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፥ የመኪናም ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንዲሆን ደንግጓል፤ «ልከላከለው አልቻልሁም» ወይም «የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም» ማለት ከኀላፊነቱ አያድነውም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 681ም መኪና በየጊዜው ተመርምሮ እንዲነዳ አዝዟል። ቦሎ መለጠፉ ግን ፍሬን መኖሩን አያረጋግጥም፤ ወረቀቱ የዓመት ነው፥ ጎሚኒው ግን በማናቸውም ሳምንት ሊበላ ይችላል። የእኛም መኪና ቦሎ ነበረው።

ለቤተ ክርስቲያን ጕዞ አዘጋጆች ደግሞ ይህን ታሪክ ለብቻ እንነግራቸዋለን። በ1881 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1889 በሰኔ ወር፥ በአየርላንድ አገር አርማ ከምትባለው ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና ወላጆቻቸው ወደ ባሕር ዳርቻ ለመሄድ በባቡር ተነሡ። ባቡሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ነበርና አቀበቱን መውጣት ተሳነው። ሠራተኞቹ ባቡሩን ከሁለት ከፍለው ፊተኛውን አስቀድሞ ለማድረስ አሰቡ፤ ኋለኞቹ ፉርጎዎች እንዳይንሸራተቱም ከመንኰራኵራቸው ሥር ድንጋይ አኖሩ፤ ልክ የእኛ ረዳት መሸንቲ ላይ እንዳደረገው። የዚያ ባቡር ፍሬን ከሎኮሞቲቩ በተለየ ጊዜ የሚለቅቅ ዓይነት ነበር። ፊተኛው ክፍል ሊነሣ ሲል ጥቂት ወደ ኋላ ነካቸው፤ ድንጋዩ ተፈረፈረ፤ በልጆች የተሞሉት ፉርጎዎች ቍልቍል ተለቀቁ፤ ከኋላ ከሚመጣውም ባቡር ጋር ተጋጩ። 80 ሰዎች ያህል ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ልጆች ነበሩ።

ሲጐድል የሚለቅቅ ሳይሆን ሲጐድል የሚይዝ ፍሬን ግን ከዚያ 17 ዓመት አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለው አሜሪካዊ በ1872 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የሠራው የአየር ፍሬን፥ ቱቦው ቢበጠስ ወይም ባቡሩ ቢከፈል በራሱ ይይዛል። ባለሥልጣኖቹም ይህን የመሰለ ፍሬን እንዲደረግ ለዓመታት ሲመክሩ ነበር፤ ወጪው የከበዳቸው ግን አልሰሙም። ልጆቹ በሞቱ በሦስተኛው ወር ሕግ ወጥቶ ሁሉም እንዲያደርጉ ተገደዱ። ዛሬ በከባድ መኪናዎች ያለው የአየር ፍሬን ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነው፤ አየሩ ሲያልቅ ብርቱ ሞላ ጎማውን ይይዘዋል። በትንንሾቹም መኪናዎች ዘይቱ በሁለት መስመር ተከፍሎ እንዲሄድ የተደረገው አንዱ ቢፈስ ሁለተኛው እንዲተርፍ ነው። ይህን ሁሉ ያሰቡ ሰዎች የሚመጣውን ጉድለት አስቀድመው በማሰባቸው በእግዚአብሔር ላይ እምነት አነሳቸው አይባልም።

ወደ መሸንቲ እንመለስ። መካኒኩ የጎደለው ዕቃ ከባሕር ዳር እስኪመጣለት ጠብቆ፥ አሮጌውን ዘይት አፍስሶ አዲስ ሞልቶ፥ አራቱንም ጎማ አይቶ ሲጨርስ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። የከተማዋ ሰዎች በተሳላሚነታችን እንጀራና ውኃ አቀረቡልን። ያን ሌሊት ደብረ ማርቆስ አደርን። በማግሥቱ ደጀን ላይ ሹፌሩ ከቍልቍለቱ አፍ መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ ጎማዎቹን ዞሮ አየ፤ ፔዳሉን ሞከረ፤ ከዚያም በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ እያለ ጀመረ። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ቆሞ ፍሬኑን አበረደ። ከኋላችን የሚመጡት እየጮኹ ቀደሙን። ማንም አላጕረመረመም። እማሆይ ወንዙን እስክንሻገር ድረስ መቍጠሪያቸውን ይቈጥሩ ነበር፤ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ ሹፌሩን ጠርተው፥ «ልጄ፥ ያ የተበላው ነገር ስሙ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁት፤ ነገራቸውም። የበዓሉ ዋዜማ ሳይቆም ደብረ ሊባኖስ ገባን።

ስንመለስ ያን የተበላ ላስቲክ በወረቀት ጠቅልለን ለባለ መኪናው ወሰድንላቸው። ለመካኒኩ የከፈልነውን ገንዘብ ስንነግራቸው ቈጥረው ሰጡን፤ ላስቲኩን ግን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ሌላ አንድ መኪና ነበራቸው፤ ያን ቀን ወደ ጎንደር ሰው ጭኖ ሄዶ ነበር። ልጃቸውን ጠርተው፥ «ደውልለት፤ የትም ይሁን፥ ባለበት ይቁም በለው» አሉት።